የአስፋልት ስንጥቅን በሞዴል መከተል፦ ከጥቅምት እስከ ሰኔ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት 9/2017

ዛሬ ጥገና ላይ ካለ አንድ የአዲስ አበባ መንገድ ኮር (ተቆፍሮ የሚወጣ ክብ የአስፋልት ናሙና) ስናወጣ አንዱን ሆን ብዬ ስንጥቁ ላይ አስቆፈርኩ። 150 ሚሜ ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ስንጥቁ ከላይ 3 ሚሜ ያህል ተከፍቷል፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄድና 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጠፋል። የታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር ምንም አልሆነም። ስንጥቁ ከላይ ወደ ታች ነው የወረደው ማለት ነው።

ዲዛይን ስንሠራ የምንፈትሸው የአስፋልቱን የታችኛውን ፊት መለጠጥ ነው። ከዚያ ቀመሩ "ይህን ያህል ሚሊዮን የመኪና አክስል ይችላል" ይለናል። ስንጥቁ ከየት ተነስቶ በየት በኩል በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይነግረንም። ይሄን ኮር ይዞ ያንን ቀመር ማየት ያስከፋል። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን የራሴን ሞዴል ልሥራ ብያለሁ፦ መጀመሪያ ናሙና መስበር፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ስብራት መድገም፣ ከዚያ ወደ መንገዱ መመለስ።

መንገዱ ዳር ላይ ሦስት ስንጥቆች መርጬ ጫፋቸው ላይ ነጭ ቀለም ቀባሁ፣ ቀኑንም ጻፍኩ። በየሁለት ሳምንቱ በሜትር እለካቸዋለሁ።

ጥቅምት 23

የመረጥኩት ሙከራ የግማሽ ክብ ማጠፊያ ነው። ድፍን ክብ ናሙና ለሁለት ይቆረጣል፣ ጠፍጣፋው ፊት መሃል ላይ 15 ሚሜ መነሻ ቅድ ይበጃል፣ ከታች በሁለት ሮለር ተደግፎ ከላይ ይጫናል። ስንጥቁ ከቅዱ ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ይሄን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው፦ በአሽቶ ቲ 393 (የአሜሪካ የመንገድ መሥፈርት) የተጻፈው የጭነት ፍጥነት በደቂቃ 50 ሚሜ ነው፤ የአስፋልት ጥንካሬ መፈተሻው የማርሻል ማሽን ደግሞ በደቂቃ 50.8 ሚሜ ይሄዳል። እዚህ ማርሻል የሌለው የአስፋልት ላብ (ላብራቶሪ) የለም። አንድ የግል ላብ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድጠቀም ፈቅዶልኛል።

የቀረው ማጠፊያው ነው። ከምናለሽ ተራ የአሮጌ መኪና ሾክ ዘንግ አገኘሁ፣ 25 ሚሜ፣ ፊቱ ክሮም የተቀባ፣ ቀጥ ያለ። 20 ሚሜ ላሜራ ላይ ቶርኖ ቤት አስበጅቼ አስበየድኩት። በሁለቱ ዘንጎች መካከል 120 ሚሜ።

እስካሁን የወጣ፦ ላሜራና ዘንግ 2,300 ብር፣ ቶርኖና ብየዳ 4,200፣ 500 ኪሎ የሚችል ሎድ ሴል (የኃይል መለኪያ) 9,000፣ ምልክቱን የሚያጎላው ኤችኤክስ711 ቺፕና ንባቡን የሚመዘግበው አርዱዊኖ ሰሌዳ 3,100። የማርሻሉ የራሱ የኃይል መለኪያ ሪንግ ለ2 እና 3 ኪሎ ኒውተን በጣም ሸካራ ስለሆነ ሎድ ሴሉን መተው አልተቻለም።

ኅዳር 7

ናሙና መሥራት ከገመትኩት በላይ ከባድ ሆነ። ጋይራቶሪ (ናሙናን እያዞረ የሚጠቀጥቅ ማሽን) የለንም። ባለ 4 ኢንቹ የማርሻል ሞልድ ደግሞ 19 ሚሜ ጠጠር ላለበት ድብልቅ ትንሽ ነው፤ ቅዱ ተቀድቶ የሚቀረው ቦታ ላይ ሁለት ጠጠር ቢደረደር አለቀ። ስለዚህ ባለ 6 ኢንቹን ሞልድ ተዋስኩ፦ 152.4 ሚሜ ስፋት፣ 10.2 ኪሎ መዶሻ፣ በእያንዳንዱ ፊት 112 ምት። እሱ በትንሹ ሞልድ 75 ምት ከሚሰጠው ጋር እኩል ተደርጎ የተቀመጠ ነው። አንዱ ናሙና አራት ኪሎ ያህል ትኩስ ድብልቅ ይወስዳል። በእጅ ነው የምንመታው። ስድስት ናሙና መትተን ስንጨርስ ክንዴ አይነሳም ነበር።

ጠጠሩ ባዛልት ነው፣ ሬንጁ 60/70 የሚባለው ደረጃ።

ከዚያ መቁረጡ። በግራይንደር በደረቁ ልቁረጥ ብዬ የመጀመሪያዎቹን አራት አበላሸሁ። ዲስኩ ሲግል ሬንጁ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ማስቲክ (ሬንጅና ደቃቁ ጠጠር የተዋሃዱበት) ቅዱ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ከውጭ 15 ሚሜ ቅድ ይመስላል፤ በቀጭን ላሜራ ስፈትሸው 9 ሚሜ ላይ ቆመ። ያልተቀደደ ነገር ሰብሬ ተቀዷል ብዬ ልመዘግብ ነበር።

የሴራሚክ መቁረጫ ጠረጴዛ ያለው ሰው ጋ ሄድኩ። ውሃ እየፈሰሰበት ይቆርጣል፣ መምሪያም አለው። ዲስኩን እኔ ገዛሁ፣ 2,800 ብር። ቅዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። አሁን እያንዳንዱን ቅድ በሦስት ቦታ እለካለሁ፦ ፊት፣ ጀርባ፣ መሃል። ከ1 ሚሜ በላይ ልዩነት ያለውን አልጠቀምም።

ኅዳር 21

የመጀመሪያው ስብራት። ስምንት ናሙና ሰበርኩ፣ ውጤቱ ግን እርስ በርሱ አይገናኝም። ጠዋት የሰበርኳቸው እስከ 4.1 ኪሎ ኒውተን ወጥተው በአንዴ ተሰነጠቁ። ከሰዓት በኋላ ያሉት 2.6 ላይ ደርሰው ቀስ እያሉ ወረዱ። ድብልቁ ያልተመጣጠነ መስሎኝ የጠጠሩን ወንፊት እንደገና ልሠራ ተነሳሁ።

የላቡን አንጋፋ ቴክኒሻን ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ የጠዋቱ ለምን እንደ ብስኩት ይሰበራል?"

"ልጄ፣ ቴርሞሜትሩን አይተሃል?" አሉኝ።

ጠዋት 16 ዲግሪ ነበር፣ ከሰዓት 23። ሰባት ዲግሪ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ለሬንጅ ሰባት ዲግሪ ሌላ ቁስ ማለት ነው። የሰበርኩት ሁለት ዓይነት አስፋልት ነበር።

ጋሼ መፍትሔውንም ነገሩኝ። የማርሻሉ የውሃ ጋን ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ግን የአዲስ አበባ ላብ ከ25 ዲግሪ በታች ስለሚውል ጋኑን 25 ላይ ማቆየት ይቻላል። ናሙናው በፕላስቲክ ታሽጎ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከወጣ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሰበራል።

ታኅሣሥ 5

ሙቀቱ ተስተካከለ፣ ውጤቱ ተቀራረበ፣ ግን ሁለት ነገር ቀረ።

አንደኛ፣ የጭነትና የመፈናቀል ኩርባው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ኤችኤክስ711 ነው። ሲገዛ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ ያነባል። ማሽኑ በሰከንድ 0.85 ሚሜ ስለሚሄድ በሁለት ንባብ መካከል 0.085 ሚሜ ያልፋል፤ ከፍተኛው ጭነት የሚመጣው 1 ሚሜ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እስከ ጫፉ ያለኝ አሥራ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ቺፑ በሰከንድ 80 ማንበብ ይችላል፤ ቦርዱ ላይ 15ኛው እግሩ ከመሬት ጋር ተበይዷል። በቀጭን ሹል አንስቼ ወደ ኃይል መስመሩ በየድኩት። የንባቡ መዋዠቅ ጨመረ፣ ነጥቡ ግን ስምንት እጥፍ ሆነ። አንድ እግር ሰብሬ አንድ ቦርድ አጥቻለሁ፤ ይሄን የሚሞክር ሁለት ቦርድ ይግዛ።

ሁለተኛ፣ የታችኞቹ ዘንጎች የተበየዱ ናቸው። ናሙናው ሲታጠፍ እግሩ ወደ ውጭ መንሸራተት ይፈልጋል፤ ዘንጉ ካልተሽከረከረ ሰበቃው ይይዘዋል፣ ጭነቱም በሐሰት ይጨምራል። ብየዳውን አስቆርጬ ዘንጎቹን ኩሽኔታ ላይ አስቀመጥኩ፣ 1,400 ብር። በዚያው ድብልቅ ከተሠሩ ናሙናዎች ከፍተኛው ጭነት በአማካይ 12% ወረደ። ያ 12% አስፋልቱ ሳይሆን የእኔ ብየዳ ነበር።

ታኅሣሥ 26

አሁን የምታመን መረጃ አለኝ። ስድስት ናሙና፣ 25 ዲግሪ፣ 50 ሚሜ ውፍረት። በአማካይ፦ ከፍተኛ ጭነት 2.3 ኪሎ ኒውተን፣ ከኩርባው በታች ያለው ሥራ 4.9 ጁል፣ በተሰበረው ስፋት ሲካፈል 1,600 ጁል በካሬ ሜትር (የስብራት ኢነርጂ)። ከጫፉ በኋላ ያለው ቁልቁለት በሚሊሜትር 2.6 ኪሎ ኒውተን። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የሚጠቀሙበት የተለዋዋጭነት ኢንዴክስ ኢነርጂውን በቁልቁለቱ አካፍሎ በ0.01 ማባዛት ነው፤ የእኔ 6.2 ይሆናል። እዚያ የሚጠይቁት 8 ነው። በቁጥሩ ብዙ አልጨነቅም፤ የእኔ ጥያቄ ሞዴሉ ነው።

ከጭነቱ ጎን ለጎን ቪዲዮ አነሳለሁ። የናሙናውን ፊት ነጭ ስፕሬይ ቀብቼ በቀጭን ማርከር ነጥብ እረጭበታለሁ፣ ስልኬ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ይቀዳል። ንባቡ ሲጀምር አርዱዊኖው ትንሽ ቀይ መብራት ያበራል፤ ቪዲዮውንና ጭነቱን የማገናኘው በእሷ ነው። ስንጥቁን በኢሜጅጄ (የምስል መለኪያ ፕሮግራም) ፍሬም በፍሬም እለካለሁ።

በቪዲዮው ያየሁት፦ ጭነቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስንጥቅ ገና አይታይም። ነጩ ቀለም ቅዱ ጫፍ ላይ እንደ ደረቀ ከንፈር ፈንጠር ፈንጠር ብሎ ይላላል፣ 12 ሚሜ በሚሆን ስፋት። አንድ መስመር የሚወጣው ጭነቱ ወደ 80% ከወረደ በኋላ ነው። ያኔም መስመሩ ቀጥ አይልም፣ ጠጠር ሲያጋጥመው ይቆማል፣ ከዚያ በጎኑ ይዞራል።

ጥር 17

ሞዴል። የጀመርኩት ሁሉም ከሚጀምርበት ከፓሪስ ሕግ ነው። ፓሪስና ኤርዶጋን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ነው፦ በእያንዳንዱ ጭነት ስንጥቁ የሚያድገው ርዝመት ከስትረስ ኢንቴንሲቲ ፋክተር ለውጥ ጋር በአንድ ኃይል፣ በኤን፣ ይያያዛል። ፋክተሩን ባጭሩ ኬ እለዋለሁ፤ በስንጥቁ ጫፍ ዙሪያ ስትረሱ (በስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል) ምን ያህል እንደሚከማች የሚለካ ቁጥር ነው።

ለናሙናዬ ከፍተኛው ጭነት ላይ ኬ ሲሰላ 0.35 ሜጋ ፓስካል በስኩዌር ሩት ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከጽሑፍ ያገኘሁትን የሕጉን ኮፊሸንት (ማባዣ ቁጥር) አስገብቼ የ10 ሴንቲ ሜትሩን አስፋልት ዕድሜ ሳሰላ መንገዱ ሚሊዮን ዓመታት ይቆያል አለኝ። ሦስት ምሽት ኮዱን አገላበጥኩ። ስህተቱ ዩኒት ነው። ኮፊሸንቱ የተሰጠው በሚሊሜትር ለተሰላ ኬ ነበር፣ የእኔ በሜትር። በሁለቱ መካከል ያለው የሺህ ስኩዌር ሩት ነው፣ 31.6። ኤን 4 ሲሆን 31.6 አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፦ አንድ ሚሊዮን። በአንድ ዩኒት ስህተት አንድ ሚሊዮን እጥፍ። አሁን ኮዴ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ ኒውተንና ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፏል።

ዩኒቱ ከተስተካከለ በኋላም ደስ አላለኝም። ኬ ትርጉም የሚኖረው ከስንጥቁ ጫፍ ፊት ያለው የተጎዳ ቀጠና ከናሙናው አንጻር ትንሽ ሲሆን ነው። ለማጣራት የተለመደ ቁጥር አለ፦ የቁሱ ግትርነት ሲባዛ የስብራት ኢነርጂ፣ ሲካፈል ለመለጠጥ ጥንካሬ ካሬ። የእኔን አስገባሁ፦ ግትርነት 1,500 ሜጋ ፓስካል፣ ኢነርጂ 1.6 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ጥንካሬ 0.8 ሜጋ ፓስካል። 3,750 ሚሜ ይመጣል። ወደ አራት ሜትር ማለት ነው። ስንጥቁ የሚሄድበት የናሙናዬ ቁመት 61 ሚሜ ነው።

እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩበት። የተጎዳው ቀጠና ናሙናውን ሙሉ ይውጠዋል። ቪዲዮው ላይ ያ የላላ ቀለም ሲነግረኝ የነበረው ይሄንኑ ነው። ለብርጭቆ ወይም ለብረት የሚሆን ሒሳብ 25 ዲግሪ ላይ ላለ አስፋልት ጫፍ የለሽ ስንጥቅ ላይ ጫፍ ፍለጋ ነው። የአንድ ወር ሥራ ወደ ጎን አደረግኩ። ከፓሪስ ሕግ ጋር አልተጣላሁም፣ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ግን በኬ አልጀምርም።

የካቲት 15

ኮሂሲቭ ዞን። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ዳግዴልና ባረንብላት ያስቀመጡት ሲሆን በ1976 ሂለርቦርግ ለኮንክሪት አመቻቸው። ስንጥቁ በሚያልፍበት መስመር ላይ ሁለቱ ፊቶች በማይታይ ክር እንደተያያዙ ታስቦ ይሠራል። ክሩ እስከ ጥንካሬው ይጎተታል፣ ከዚያ ስንጥቁ እየተከፈተ ሲሄድ ኃይሉ እየወረደ ዜሮ ይገባል። ከኩርባው በታች ያለው ስፋት የስብራት ኢነርጂው ነው። የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ጥንካሬና ኢነርጂ።

የከፈልኩበት ሶፍትዌር የለም። በፓይተን የራሴን ሁለት ገጽታ ያለው ፋይናይት ኤለመንት (ናሙናውን በትናንሽ ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያሰላ ኮድ) ጻፍኩ፣ የቁርጥራጮቹን መረብ፣ ሜሹን፣ በጂሜሽ ፕሮግራም። መጀመሪያ ክሮቹን መሃል መስመሩ ላይ ብቻ አደረግኩ።

ያጋጠመኝ፦ ጫፉ ካለፈ በኋላ ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚፈታው የኮዱ ክፍል) መልስ አያገኝም። ጭነቱን በመፈናቀል እየነዳሁም ቢሆን ክሮቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ብዬ ትንሽ ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት ጨመርኩበት። ኮዱ እስከ መጨረሻ ሄደ። ደስ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩበት፤ በኋላ ሳረጋግጥ ያ ዝልግልግነት ብቻውን ከፍተኛውን ጭነት በ18% ከፍ አድርጎታል። አሥር ጊዜ ቀነስኩት፣ እርምጃውንም አሳነስኩ። አንድ ሩጫ ከ4 ደቂቃ ወደ 35 ደቂቃ ሄደ። መብራት በመሃል ሲጠፋ ከዜሮ ላለመጀመር በየ50 እርምጃው ሁኔታውን ፋይል ላይ አስቀምጣለሁ።

ከእውነተኛው ኩርባ ጋር ሳስተያየው፦ ጫፉ በ5% ተገናኘ። ጭራው፣ ከጫፉ በኋላ ያለው ቁልቁለት፣ ግን አልተገናኘም። ሞዴሉ ቶሎ ይወርዳል፣ እውነተኛው ናሙና ይዞ ይቆያል። ኢነርጂውን ጨምሬ ጭራውን ሳስተካክል ጫፉ ያልፋል። በሁለት ቁጥር ሁለቱንም ማግኘት አልቻልኩም።

መጋቢት 13

የጭራው ችግር ግማሹ ተፈታ። ከኩርባው በታች ያለውን 4.9 ጁል ሙሉ ለስንጥቁ ነበር የሰጠሁት። አስፋልት ግን ሳይሰነጠቅም ኢነርጂ ይበላል። ሬንጁ ይፈስሳል፣ ከላይኛው ሮለር ሥር ደግሞ ይደቀቃል። ከተሰበሩት ናሙናዎች አናት ላይ በጣቴ ስዳስስ የሮለሩ ቅርጽ ወደ 1 ሚሜ ገብቶ ይታወቃል። ያ ሁሉ በስንጥቅ ስም ተመዝግቦ ነበር።

ስለዚህ የቁሱን መፍሰስ ለብቻ መለካት ነበረብኝ። ቅድ የሌለው ግማሽ ክብ ላይ 25 ኪሎ ክብደት አንጠልጥዬ በ25 ዲግሪ ለ1,000 ሰከንድ በዲያል ጌጅ (ትንሽ መፈናቀልን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተከተልኩ። ጌጁን ስልክ ይቀዳዋል፣ ማታ ቁጥሩን አወርዳለሁ። መለስለሱ ከጊዜ ጋር በ0.45 ኃይል ያድጋል። ይሄን ስድስት ቃል ባለው የፕሮኒ ድምር (መፍሰስን በቀላል ቃላት ድምር የሚገልጽ ቀመር) አድርጌ ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁ።

ውጤት፦ ለስንጥቁ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ከ1,600 ወደ 950 ጁል በካሬ ሜትር ወረደ፣ ጫፉም ጭራውም ቀረቡ። የጭራው ልዩነት አሁን 20% ነው። በጣም የሚያስደስተኝ ሌላ ነገር ነው፦ በዚሁ ቁጥር፣ የጭነት ጊዜውን በሙቀት ብቻ አዛውሬ፣ የኅዳሩን የ16 ዲግሪ ናሙና ስሰብር 3.7 ኪሎ ኒውተን ሰጠኝ። የለካሁት 4.1 ነበር፣ እሱም በተበየደው ዘንግ። 12%ቱን ስቀንስለት 3.6 ይሆናል። ያበላሸሁት መረጃ ነው የመሰከረልኝ። የኅዳርን ፋይል ባለመደምሰሴ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ሚያዝያ 18

ከፋሲካ በኋላ የተሰበሩትን ናሙናዎች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ አየኋቸው። እስካሁን ኩርባ ነበር የማየው፣ ፊቱን አላየሁም ነበር።

4ኛው ናሙና ላይ አንድ 16 ሚሜ የሚሆን ጠጠር አለ። ስንጥቁ በጎኑ ነው የዞረው። ጠጠሩ ከአንዱ ግማሽ ላይ እንደ ጥርስ ቆሟል፣ በሌላው ግማሽ ላይ ደግሞ ጎድጓዱ አለ። ጥቁር መሆን ሲገባው የጠጠሩ ፊት ግራጫ ነው። ሬንጁ ሙሉ በሙሉ ለቆት ጎድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ነጭ አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ። ጠጠሩ ከነአቧራው ነው ወደ ሬንጅ የገባው፤ ሬንጁ የያዘው አቧራውን ነው፣ ድንጋዩን አይደለም።

ይሄ ሞዴሉ ውስጥ የለም። ሞዴሌ አስፋልትን እንደ አንድ ዓይነት ገንፎ ነው የሚያየው።

ጠጠሩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ስድስት አዲስ ናሙና ሠራሁ። ሌላው ሁሉ ያው ነው። ከፍተኛው ጭነት ብዙም አልተለወጠም፣ 2.4 ሆነ። ጭራው ግን ረዘመ፣ ቁልቁለቱ ከ2.6 ወደ 1.9 ለሰለሰ። ማጠብ ብቻ! የሳይት ሰው ይሄን ቢያነብ ደስ ይለኛል፤ ጠጠር ማጠብ ጊዜ ማባከን ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሁለት ናሙና ደግሞ በተራ የቤት ፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ አሳድሬ ሰበርኩ። እዚያ ስንጥቁ አልዞረም። ሁለት ጠጠር መሃል ለመሃል ቆርጦ አለፈ፤ አንደኛው ቀዳዳ የበዛበት፣ ቡናማ፣ የተበላሸ ባዛልት ነው። ማስቲኩ ከጠጠሩ ሲጠነክር መንገዱ በጠጠሩ ይሆናል።

ግንቦት 9

ጠጠሩን ወደ ሞዴሉ ማስገባት። የናሙናውን ፊት እርጥብ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሲረጥብ ጠጠርና ማስቲክ በደንብ ይለያያሉ። ኢሜጅጄ ላይ ከ2.36 ሚሜ በላይ ያለውን ጠጠር ለይቼ ድንበሩን እስላለሁ፣ ከዚያ በታች ያለው ማስቲክ ነው። አንድ ፊት ማጽዳት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ የተጠጋጉ ጠጠሮችን ፕሮግራሙ አንድ ስለሚያደርጋቸው በእጅ መለየት አለባቸው።

ከዚያ ክሩን በሁለት ኤለመንቶች መካከል ሁሉ አደረግኩ፦ ማስቲክ ውስጥ አንድ ጥንካሬ፣ በጠጠርና በማስቲክ ድንበር ሌላ፣ ጠጠር ውስጥ የለም። ስንጥቁ የፈለገበት ይሂድ።

አዲስ ወጥመድ። ሜሹን ይበልጥ ሳጠብቀው ናሙናው ይለሰልሳል። ይሄ በተገላቢጦሽ ነው መሆን የነበረበት፤ ሜሽ ሲጠብቅ መልሱ መረጋጋት አለበት። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ክሮቹ ሳይበጠሱም ትንሽ ይለጠጣሉ፤ ብዙ ክር ካለ ብዙ መለጠጥ አለ። ማስቲኩ 1,500 ሜጋ ፓስካል፣ የክሩ ግትርነት 10,000፣ ኤለመንቱ 1 ሚሜ ሲሆን ጠቅላላው በ13% ይለሰልሳል፤ ኤለመንቱን 0.5 ሳደርገው በ23%። ክሩን ወደ 100,000 ከፍ ሳደርግ ልዩነቱ ወደ 1.5 እና 3% ወረደ። ከዚያ በላይ ስሄድ ሶልቨሩ ይታመማል። 100,000 ላይ ቆምኩ።

ላልታጠበው ጠጠር የድንበሩን ጥንካሬ ከማስቲኩ 40% አድርጌ፣ ለታጠበው 85%፣ ሁለቱንም ስብስብ ሮጥኩ። ጫፉ እምብዛም አይለያይም፣ ጭራው ይለያያል። ልክ ላቡ እንዳለው። የጭራው ስህተት ከ20% ወደ 9% ወረደ። የስንጥቁ መንገድ ከስድስት ናሙና በአራቱ ከቪዲዮው ጋር ተመሳሰለ።

በቀሩት ሁለት ለምን እንዳልተመሳሰለ አውቃለሁ። ናሙናውን ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ስንጥቁ ከፊቱ 9 ሚሜ ርቆ ነው የወጣው። ፎቶዬ አንድ ፊት ነው፤ ስንጥቁ ግን 50 ሚሜ ውፍረት ውስጥ ያሉትን ጠጠሮች ሁሉ አይቶ ነው የሚወስነው። ለዚህ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ እኔ የለኝም። ናሙናውን ወደ 10 ሚሜ ቁርጥራጭ ቆርጦ አምስቱን ፎቶ ማንሳት አንድ መንገድ ነው፣ ግን ከመሰበሩ በፊት ከተቆረጠ ምን ይሰበራል? ከተሰበረ በኋላ አጣብቆ መቁረጥ አስቤያለሁ።

ግንቦት 23

ወደ ፓሪስ ሕግ ተመለስኩ፣ ግን በሌላ በር። ሻፐሪ በ1970ዎቹ ለሚፈስስ ቁስ ባወጣው ሒሳብ ኤን ከየትም የሚመጣ ቁጥር አይደለም፣ ቁሱ ከሚለሰልስበት ፍጥነት ይወጣል። የተጎዳው ቀጠና ስፋት የማይለወጥ ከሆነ ኤን ማለት 2 ሲካፈል ለዚያ ኃይል ነው። የእኔ 0.45 ነበር፣ ኤን 4.4 ይሆናል።

ይሄን ከመጠን በላይ ለተጫነ መኪና ልሞክረው። የ10 ቶን አክስል 13 ቶን ሲጭን ኬ በ1.3 ያድጋል፤ 1.3 በ4.4 ኃይል 3.2 ነው። አንዱ ጉዞ የሦስት ጉዞ ያህል ስንጥቁን ይገፋል። የኢትዮጵያ መንገዶች የዲዛይን ማኑዋል አክስል ሲለውጥ የሚጠቀምበት ኃይል 4.5 ነው፤ በእሱ 3.3 ይመጣል። አንዱ ከመንገድ ልምድ የተገኘ፣ ሌላው 25 ኪሎ ክብደት ከተንጠለጠለበት ግማሽ ክብ። ይህን ያህል መቀራረቡ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በ16 ዲግሪ ያ ኃይል ስለሚያንስ ኤን ይጨምራል። ግን ምሽቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኔ 14

የመንገዱ ስንጥቆች። ከጥቅምት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ለክቻቸዋለሁ፣ ቀለሙ መሰላል መስሏል። እድገታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው እስከ ኅዳር አጋማሽ አልተነቃነቀም፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊቶች 11 ሴንቲ ሜትር ሄደ፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ 3 ብቻ። ይሄ ከሞዴሉ ጋር ይስማማል፦ ሲበርድ ቁሱ አይፈስስም፣ ስትረሱ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይቀራል።

ከግንቦት መጨረሻ ወዲህ ግን ሦስቱም እንደገና እየሄዱ ነው፣ ሙቀቱ ሳይወርድ። ሁለተኛው በሁለት ሳምንት 8 ሴንቲ ሜትር። ዛሬ ዝናቡ እንዳቆመ ሄጄ ዳር ላይ ቆምኩ። አንድ ሲኖትራክ ስንጥቁ ላይ ሲያልፍ ከውስጡ ቀጭን ግራጫ ውሃ ፊጭ አለ፣ ጎማው ሲለቅ ተመልሶ ጠባ። እንደገና ሌላ መኪና፣ እንደገና ፊጭ። ስንጥቁ ጠርዝ ላይ የተኛው ጭቃ በጣቴ ሳሸው ልክ 4ኛው ናሙና ላይ ያገኘሁት አቧራ ነው። እዚያ ያሉት ጠጠሮችም ፊታቸው ግራጫ ነው።

ሞዴሌ ውስጥ ውሃ የለም። የድንበሩን ጥንካሬ 40% ብዬ ያስቀመጥኩት በደረቅ ናሙና ነው፤ ረጥቦ ስንት እንደሚሆን መለካት አለበት።

ከሰዓት ላብ ሄጄ ሦስት የታጠበ፣ ሦስት ያልታጠበ ናሙና 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። 24 ሰዓት ይቆያሉ። ጋሼ እሑድ ቁልፉን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። ነገ ወደ 25 ዲግሪ አውርጄ እሰብራቸዋለሁ።